ማን ይቅደም

"እኔ ነኝ የምናገረው! እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ እምላለሁ!"

ባፈና ማተቧን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ የሰባት ዓመት ልጇን ውቢትን በግራዋ እየጎተተች፣ ሰልፉን ጥሳ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ሶማሌዎችና ዐረቦች አጉረመረሙ። በጂቡቲ ልደትና ሞት የሚመዘግበው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ብዕሩን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። ከጎኑ የተቀመጠው አስተርጓሚ ተክለወልድ ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ክንዷን ያዘ።

"ዝም በይ፣ ባፈና! አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ!"

"ለምን ዝም እላለሁ፣ ጋሼ ተክለወልድ? ቢክደኝስ?"

"ማን ካደሽ? ሰውየው ራሱ መጥቶ ቆሞ የለም እንዴ?"

እውነቱን ነው። የውቢት አባት ሙሴ ሉሲየን በሩ አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል። የለበሰውን ነጭ ልብስ ትናንት አጥባ የተኮሰችው ባፈና ራሷ ናት። ሰውየው የምድር ባቡር መካኒክ ነው። ጂቡቲና ድሬዳዋ መካከል ሲመላለስ አሥር ዓመት አልፎታል። ወባ ጉበቱን ስለጨረሰው ዛሬ ማታ በሚነሣው መርከብ፣ ላይመለስ፣ ወደ አገሩ ፈረንሳይ፣ ወደ ማርሴይ ከተማ ሊሄድ ነው። ከመሄዱ በፊት "ልጄን አስጽፋለሁ" ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉን ጠብቆም በሰዓቱ መጥቷል። የሚክድ ሰው ይህን ያህል አይለፋም።

የባፈና ጥድፊያ የመጣው ከእትዬ አበዛሽ ነው። እትዬ አበዛሽ ውቢት ስትወለድ እትብቷን የቆረጠች ጎረቤት ናት፤ ዛሬም ለምስክርነት ተጠርታ ከኋላ ቆማለች። ሐዲዱ ሲነጠፍ ለሠራተኛው ጠላ ለመሸጥ ከቡልጋ ተነሥታ እስከ ባሕሩ ድረስ የወረደች ሴት ስለሆነች፣ የማታውቀው የፍርድ ነገር የለም፤ ቢያንስ እሷ እንደምትለው። በአገሯ ወንድ ልጁን ሲክድ ዳኛው መሐላውን ለእናቲቱ ይሰጣል። እናት ማተቧን ይዛ "አባቱ እገሌ ነው" ብላ ከማለች ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ "ቅደሚው! ከቀደመሽ ያመልጥሻል" እያለች ስትጎተጉታት ሰነበተች። ባፈናም መሐላውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ አጥንታ ነው የመጣችው።

ተክለወልድ እናትና ልጅን ወደ በረንዳው አወጣቸው። እትዬ አበዛሽም ተከተለች፤ ነገር ባለበት ቦታ ወደኋላ መቅረት አትወድም።

"ስሚኝ፣ ባፈና" አለ ተክለወልድ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። "እዚህ እንደ ቡልጋ አይደለም። ወላጆቹ ያልተጋቡ ልጅ ሲጻፍ፣ የሚታየው ማን ቀድሞ 'ልጄ ነው' እንዳለ ነው። እሱ ከቀደመ ውቢት እሱን ተከትላ የፈረንሳይ ዜጋ ትሆናለች። አንቺ ከቀደምሽ አንቺን ተከትላ ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። አሁን ምለሽ ቃልሽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የለፋሽበትን የፈረንሳይ ወረቀት በገዛ አፍሽ ታስቀሪው ነበር።"

ባፈና ዞር ብላ እትዬ አበዛሽን አየቻት። እትዬ አበዛሽ ደግሞ ባሕሩን ታይ ጀመር።

"እመቤቴ ናት ያተረፈችኝ!" አለች ባፈና። "እንግዲያው እሱ ይቅደም። ምን ቸገረኝ?"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። የቀደመው ሰው ሥልጣኑም የሱ ነው። የት ትኑር፣ ምን ትማር፣ ማንን ታግባ፣ የሚወስነው እሱ ነው። ነገ 'ልጄን ላኪልኝ' ቢልሽ እምቢ ማለት አትችዪም።"

"አብረን ብንናገርስ? በአንድ አፍ?"

"አብራችሁም ከሆነ የሱ ነው።"

"እኔ ቀድሜ እሱ ቢከተለኝስ?"

"አባትነቱ ይጻፋል። ልጅቱ ግን ባንቺ ሥር ናት፤ በወረቀቱም አንቺን ትመስላለች።"

"እኔን መስላ ምን ልታገኝ!" ባፈና የሳቀች መሰላት፤ ድምፁ ግን የሳቅ አልነበረም።

"ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አዋጅ ወጥቷል። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ፣ ባሕር ማዶም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እዚህ ከተጻፈች ቆንስላው ባንቺ በኩል ወረቀት ይሰጣታል።"

"እናቱ ይላል?"

"ይላል።"

እትዬ አበዛሽ አላስችል አላት። "አዋጅ የሚያወጡት እዚያ ነው፤ የምንኖረው እዚህ ነው" አለች።

ተክለወልድ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ውስጥ ደወል ተደወለ። በሐምሌ የጂቡቲ መሥሪያ ቤት ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። ጸሐፊው ብዕሩን ጠርጎ፣ ቆቡን አጥልቆ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። ሙሴ ሉሲየን የኪስ ሰዓቱን ተመለከተ፤ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አለና ሻንጣውን ሊያስጭን ወደ ቤቱ ሄደ። ባፈና ልጇን ይዛ ፀሐይ ላይ ቀረች።

ይህን ወረቀት ስትመኘው የኖረችው እንዲያው ለክብር አልነበረም። ውቢት ትምህርት ቤት እንድትገባ ወረቀት ጠይቀዋታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ሰብስበው በባቡር ወደመጡበት ይመልሷቸዋል የሚል ወሬ መጋላ በሚባለው የድሃ ሰፈር ሁሉ ይናፈሳል። ባፈና በመጣችበት አገር ማንም የላትም። ጂቡቲ የገባችው በሙሴ ሉሲየን ቤት ገረድ ሆና ነው። ውቢትን ያረገዘችው እዚያው ነው፤ ከወለደች በኋላ ግን ወጥታ፣ ፕላቶ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩትን ፈረንጆች ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ልጇን አሳደገች። ሙሴ ሉሲየን በበኩሉ ስኳርና ሩዝ መላኩን አልተወም። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ የዛሬው ነገር ይቀላት ነበር።

መጋላ ግቢያቸው ሲደርሱ ካምሲኑ መንፈስ ጀምሯል። ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭ አሸዋ ይዞ የሚመጣው ያ ትኩስ ነፋስ ሰውን ሁሉ እቤቱ ይከተዋል፤ ባፈና ግን መቀመጥ አልሆነላትም። ውሃ ቀድታ አስቀመጠች፣ ሳትጠጣው ተነሣች። ለነገ የሚደርስ ሸሚዝ ነበርና የከሰል ካውያውን አቀጣጥላ መተኮስ ጀመረች።

"በዚህ ሙቀት ምን አቃጠለሽ?" አለቻት ኤሌኒ በራፉ ላይ ቆማ። ኤሌኒ በዚያው ግቢ የምትኖር፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። አባቷ ግሪክ ባለሱቅ፣ እናቷ የአንኮበር ሰው ነበሩ። አባትየው ሳያስጽፋት ሞተ፤ እናትየውም የሚጻፍ ነገር መኖሩን ሳታውቅ ሞተች።

ባፈና ካውያውን ሳታቆም ሁሉንም ነገረቻት።

"ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?" አለች ኤሌኒ። "ይቅደም እንጂ! እኔን እያየሽ? መንግሥት ቤት ስሄድ 'እናትሽ አበሻ ናት፣ ወደ ቆንስላሽ ሂጂ' ይሉኛል። ቆንስላ ስሄድ 'አባትሽ ፈረንጅ ነው' ብለው መለሱኝ። አሁን አዋጅ ወጣ ትያለሽ፤ እናቴን ከመቃብር አውጥቼ ላስመስክራት?"

"እናትሽ አጠገብሽ ነበረች ግን።"

"ነበረች። ነፍሷን ይማረውና አልጠላኋትም።" ኤሌኒ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን ሆቴል ውስጥ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ እሷን ነበር የማማው። ውቢት አንቺን እንድታማሽ ነው የምትፈልጊው?"

የሸሚዙ አንገት ላይ ጢስ ወጣ። ባፈና ካውያውን አነሣችው፤ የጨርቁ ጠርዝ ቡናማ ሆኗል። የሰው ሸሚዝ ነው፤ ነገ ስድቡን መጠጣቷ ነው። አሁን ግን አልገደዳትም።

አብራቸው የተመለሰችው እትዬ አበዛሽ ከምንጣፏ ላይ ቀና አለች። የጠዋቱ ኀፍረት ገና አልለቀቃትም። "እኔ ከእንግዲህ ምክር አልሰጥም" አለች። ወዲያው ግን ሰጠች። "ሰውየውን ራሱን ጠይቂው። እሱ የሚያስበውን ሳታውቂ ምን ያብከነክንሻል? ሂጂና 'ትወስዳታለህ ወይ' በይው።"

ይህኛው ምክር ጥሩ ነበር። ባፈና ነጠላዋን አንሥታ ውቢትን ይዛ ወጣች። ቤት ትተኛ ዘንድ ትታት ብትሄድ ይሻል ነበር፤ ግን ዛሬ ያቺን ትንሽ እጅ ከእጇ ማላቀቅ አልቻለችም።

መንገዱ ጭር ብሏል። ፍየሎች እንኳ ግድግዳ ተጠግተው ጥላ ይሻማሉ። ውቢት ነጠላውን አፏ ላይ ይዛ እየተራመደች ድንገት ጠየቀች።

"እማ፣ ፈረንሳይ ልሆን ነው አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"እትዬ ኤሌኒ። አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?"

"እኔማ ያው ነኝ።"

ውቢት ጥቂት አሰበች። "እንግዲያው ለየብቻችን ልንሆን ነው" አለች። አላለቀሰችም፤ ሐሳቡን እንደ አዲስ ነገር ነበር የያዘችው። ያ ነው ባፈናን አንጀቷን የበላት። የልጅቱን እጅ ጠበቅ አድርጋ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሙሴ ሉሲየን ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሳጥኖቹ ታስረው መተላለፊያው ላይ ተደርድረዋል። እሱ በካናቴራ ሆኖ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱ እንደ ሎሚ ቢጫ ነው። ሲያያቸው ሊነሣ ሞከረ።

"ገና ሰዓቱ አልደረሰም" አለ። አማርኛውን የተማረው ከባቡር ሠራተኞች ስለሆነ ቃላቱን እንደ ብሎን አንድ በአንድ ነው የሚያጠብቃቸው።

"አውቃለሁ፣ ሙሴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።" ባፈና አልተቀመጠችም። "ውቢትን ይወስዷታል?"

ሰውየው ልጅቱን አየ፤ ከዚያ ሳጥኖቹን አየ።

"ዛሬ አይደለም።"

"መቼ ነው?"

"አላውቅም። ሐኪም ያየኛል። ቤት እይዛለሁ። እናቴ አለች፣ እህቴ አለች። ትልቅ ስትሆን፣ ምናልባት ሦስት ዓመት፣ ምናልባት አራት። እዚያ ትምህርት አለ። እዚህ ምን አለ? ልብስ ማጠብ።"

"ልብስ ማጠብ አሳድጓታል፣ ሙሴ።"

"አውቃለሁ። ስድብ አይደለም።" ግንባሩን አሸ። "ሥራሽን አከብራለሁ።"

"እኔ አልልክም ብልስ?"

ሙሴ ሉሲየን ሊዋሻት ይችል ነበር። 'አንቺ ሳትፈቅጂ አልወስድም' ቢላት ታምነው ነበር፤ ማመንም ትፈልግ ነበር።

"ለሉዊዝ የሚሻለውን አደርጋለሁ" አለ። ውቢትን ሉዊዝ ነው የሚላት፤ የእናቱ ስም ነው። "ጥሩ እናት ደግሞ የሚሻለውን ታውቃለች።"

ልጅቱ ሄዳ ጉልበቱ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሰውየው ነፋሱ የበተነውን ፀጉሯን ቀስ ብሎ ይሰበስብላታል። እንደሚወዳት ባፈና አየች። ጥርጣሬዋን ይዛ የመጣች ሴት ፍቅር አይታ ተመለሰች፤ ይህ ደግሞ አላሳረፋትም፣ የባሰ አመሰቃቀላት። የማይወድ ሰው ረስቶ ይቀራል። የሚወድ ሰው ግን አንድ ቀን ይልክባታል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በቢሮው በረንዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆየች። እትዬ አበዛሽ ደርሳ "ተቀመጪ፣ ራሴን አዞርሽው" አለቻት። አልተቀመጠችም። አንድ ጊዜ የኤሌኒ ነገር ያሸንፋታል፦ ይቅደም፣ ልጄ እንደሷ በየበሩ አትመለስ። ሌላ ጊዜ የውቢት ቃል ይመጣባታል። ደግሞ መለስ ትላለች። ለራሴ ብዬ የልጄን ዕድል ልዝጋባት? ይህ ስስት አይደለም ወይ? በመጨረሻ በሩ ሲከፈት፣ ቁርጥ አደረገች። እሱ ይቅደም። ሦስት ዓመትም ሦስት ዓመት ነው፤ እግዜር ያውቃል።

"ወስነሻል?" አላት ተክለወልድ ሲያልፍ በጆሮዋ።

"እሱ ይናገር" አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደኋላ ቆመች።

ጸሐፊው ከእንቅልፍ የተነሣ ፊቱን ሳይፈታ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ሙሴ ሉሲየን ቀረበ። ባፈናም ገረድ በነበረች ጊዜ ማዕድ ስታቀርብ እንደምታደርገው ከጀርባው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። ጸሐፊው ጠየቀ።

"የልጅቱ ስም?"

"ሉዊዝ" አለ ሙሴ ሉሲየን።

"የተወለደችበት ቀን?"

ሙሴ ሉሲየን ዘወር አለና ባፈናን አያት። "መቼ ነበር?"

"የኅዳር ሚካኤል ማግሥት" አለች። ተክለወልድ ጣቶቹን አጥፎ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰው፤ ሙሴ ሉሲየንም ደገመው።

"በየትኛው ሰዓት?"

እንደገና ዘወር አለ። "ጎህ ሲቀድ" አለች። ደገመው።

"የት?"

ይህን ጊዜ ፊቱ ቀላ። ውቢት ስትወለድ እሱ ድሬዳዋ ነበር፤ ያያት በሁለተኛው ወር ነው። "ይቅርታ" አለ፣ ለባፈና ይሁን ለጸሐፊው ሳይታወቅ፣ "የት ነበር?"

"መጋላ፣ እትዬ አበዛሽ ቤት።"

እትዬ አበዛሽ "አዎን፣ በነዚህ እጆቼ!" ብላ ሁለቱንም እጆቿን አወጣች። ተክለወልድ ይህን መተርጎም አላስፈለገውም።

"ፈንጣጣ ተከትባለች? ሕመም አለባት?"

ሙሴ ሉሲየን ዘወር አለ።

ባፈና ተናደደችበት ለማለት አይቻልም፤ እንዲያውም አሳዘናት። ደህና ሰው ነው፤ ያላወቀውን አውቃለሁ አላለም፣ ዘወር ብሎ ጠየቃት። ዛሬ ግን ከኋላው ስለቆመች ነው። ማርሴይ ላይ፣ ልጅቱ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ዓሣ በልታ ገላዋ ሲያብጥ፣ የምትፈራው ነገር ኖሮ ስትነጫነጭ፣ ያ ሰው ዘወር ቢል ከኋላው ማን ይኖራል? አሮጊት እናቱ? የማታውቃት እህቱ? ውቢትስ ዘወር ብትል?

"ተከትባለች" አለች ባፈና። "ሌላውን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።" ሁለቱን እርምጃ ተራምዳ ከሙሴ ሉሲየን ጎን ደረሰች፤ ከዚያም አለፈችው። "ጋሼ ተክለወልድ፣ ገና አልፈረመም አይደል?"

"አልፈረመም።"

"እንግዲያው ይቆይ በላቸው። እኔ ልቅደም።"

ተክለወልድ አያት። "ባፈና፣ ከተጻፈ በኋላ መመለሻ የለውም። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"ፈረንሳይ አትሆንም።"

"አትሆንም። ሰምቻለሁ። ኤሌኒ ትሰድበኛለች፣ ልጄም ስታድግ ምናልባት ታማኛለች።" ማተቧን ጨበጠች። "ስታማኝ እዚሁ ሆኜ እሰማታለሁ። አዋጁ 'እናቱ' ይላል አላልከኝም? እንግዲህ እናቷ እኔ ነኝ፤ ነገውኑ ቆንስላው ደጅ እገኛለሁ።"

ሙሴ ሉሲየን ሁሉንም ሰምቷል። ከንፈሩ ነጥቷል። "ይህን ካደረግሽ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ምን እሆናለሁ?"

ባፈና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው። "ከኔ ቀጥለው ይጻፉ፣ ሙሴ። አባቷ መሆንዎን አልከለከልኩም። ይጻፉላት፣ ይላኩላት፣ ጤና ከሰጠዎም መጥተው ይዩዋት። እኔ ግን ልጄን ላለመላክ እንድችል እፈልጋለሁ።"

ጸሐፊው በብዕሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ሰልፉ ረዝሟል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። ተክለወልድ ጎንበስ ብሎ በፈረንሳይኛ ነገረው። ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀ፤ የጀመረውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘና አዲስ አወጣ።

"የልጅቱ ስም?"

"ውቢት" አለች ባፈና።

ትክክል ይሁን ስሕተት አታውቅም ነበር። ፈርታለች። ቢሆንም እያንዳንዱን ጥያቄ ማንንም ሳታይ መለሰች። መጻፍ ስለማታውቅ ጣቷን እንድታነካ ቀለሙን አቀረቡላት። አውራ ጣቷን አጥልቃ ወረቀቱ ላይ ጫነችው፤ ተክለወልድ "በቃ፣ ይበቃል" እስኪላት ድረስም አላነሣችውም።

ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችና ሙሴ ሉሲየንን ጠበቀችው። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ልጅቱን አየ። ባርኔጣውን በክንዱ ሥር አድርጎ ተራው ላይ ቆመ።